ጥርስ ሐኪም ጋ የምንሄደው ዘግይተን ነው

አብዛኛው ሰው ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የሚቀመጠው ህመሙ እንቅልፍ ከነሳው በኋላ ነው። ጉንጩ አብጧል። ሦስት አራት ቀን ማስታገሻ ውጧል። ቅርንፉድ ነክሷል፣ አረቄ ተጉመጥምጧል። አሁን የሚፈልገው መገላገል ብቻ ነው። «ዶክተር፣ በቃ ንቀልልኝ» ይላል። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ሌላ ምርጫ አያገኝም።

ይህን ታሪክ በቤቱ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በጣም የሚቆጨው ደግሞ ያው ጥርስ ከአንድ ሁለት ዓመት በፊት ቢታይ ኖሮ በአንድ ቀጠሮ ተሞልቶ ለብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችል እንደነበር ነው። ችግሩ የዓለም ሁሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የአፍ በሽታ እንዳለበት ገልጿል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የጥርስ መቦርቦርና የድድ በሽታ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው መከላከል የሚቻሉ ናቸው።

ታዲያ ለምን እንዘገያለን? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሌላው ምክንያት ግን የጥርሱ የራሱ አሠራር ነው። ጥርስ የሚያመው መጨረሻ ላይ ነው።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከአጥንትም በላይ ጠንካራ ነው። ግን ነርቭ የለውም። ስለዚህ ሲበሰብስ ምንም አይሰማንም። በአፋችን ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ፣ አሲዱም የኢናሜሉን ማዕድን ቀስ በቀስ ያሟሟል። መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ምራቅና ፍሎራይድ ማዕድኑን መልሰው ሊጠግኑት ይችላሉ። አንዴ ከተቦረቦረ ግን ኢናሜል ራሱን መልሶ አያበቅልም። ቀዳዳው ቀጥሎ ወዳለው ዴንቲን ሲዘልቅ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ጥርሱን መንዘር ይጀምራል። ብዙዎቻችን ይህን ምልክት እንንቀዋለን። «ቀዝቃዛ ስጠጣ ብቻ ነው» እንልና በሌላኛው ጎን ማኘክ እንጀምራለን። ከዚያ መሃል ያለው ነርቭ ይነካል። ሌሊት የሚጠዘጥዘው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንድ ቀን ህመሙ ድንገት ጭጭ ይላል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ቀጠሮውን ይሰርዛል። አልዳነም፤ ነርቩ ሞቷል። ኢንፌክሽኑ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት መግባቱን ይቀጥላል። ከወራት በኋላ ድዱ ላይ ብጉር መስሎ መግል ያወጣል፣ ወይም አንድ ጠዋት ጉንጩ አብጦ ይነሳል።

ያኔ ብዙዎች ፋርማሲ ሄደው አሞክሳሲሊን ይገዛሉ። እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ምንጩ ግን አይነካም። ምክንያቱ ቀላል ነው። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ ነርቩ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ስለዚህ ባክቴሪያው ከመድኃኒቱ ተደብቆ ይቆያል፣ ኪኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል። ሐኪም እብጠቱ ተስፋፍቶ ወይም ትኩሳት ኖሮ አይቶ ቢያዝላችሁ ሌላ ነገር ነው። ያኔም ቢሆን ጥርሱ ራሱ መታከም አለበት። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ መጠቅጠቅም ድዱን ያቃጥላል እንጂ ህመሙን አያድንም። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል። ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ቢያቆያችሁ ችግር የለውም። ነገር ግን በቅርንፉድ ሳምንታት መግፋት ጥርሱን ማጣት ነው።

አንዳንድ እብጠት ሌሊቱን እንኳ አያስጠብቅም። ከአገጭ ሥር ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን የሚወጣ እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ መክፈት አለመቻል፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ ምላስ ወደ ላይ መነሳት፣ ትንፋሽ ማጠር ከታየ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የጥርስ ኢንፌክሽን የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት ብዬ አይደለም፤ «ጥርስ ነው» ተብሎ ቤት የቀረ ሰው እንዳይኖር ነው።

አሁን ወደ ክሊኒኩ እንግባ። ጥሩ የጥርስ ሐኪም መርፌ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? ምን ያባብሰዋል? ሌላ በሽታ አለብህ? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ከዚያ አፍ ውስጥ ያያል፣ ብዙ ጊዜ ራጅ ያነሳል። በሁለት ጥርሶች መካከል ያለ ቀዳዳና ሥር ላይ ያለ ኢንፌክሽን በዓይን አይታይምና ራጁ ገንዘብ ለማስከፈል የተጨመረ አይደለም። የጨረሩ መጠንም በጣም ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ያለው የእናንተ ተራ ነው። እኛ ሐኪም ፊት ዝም ማለት ይቀናናል፣ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። አይደለም። «ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል? ስንት ምልልስ አለው? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ይደርሳል? ባላሠራው ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ የታካሚ መብት ነው። ደህና ባለሙያ ራጁን አሳይቶ ያስረዳችኋል። ጠቅላላ ዋጋውን በተለይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሩት ካናል የሚባለውን የጥርስ ነርቭ ሕክምና ጀምሮ ጥርሱን ለሚሸፍነው የመጨረሻ ክዳን ገንዘብ አጥሮት ያቋረጠ ሰው ብዙ ነው።

የሩት ካናልን ነገር ትንሽ ላብራራው። ነርቩ ተነክቶ ጥርሱ ገና ጠንካራ ከሆነ ሐኪሙ የታመመውን ነርቭ አውጥቶ፣ ቦታውን አጽድቶ ይሞላዋል። አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ህመሙ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው ይቀራል። ጥርሱ ላይ ያለው ጊዜያዊ መሙያ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይሸረፋል፣ ባክቴሪያው ተመልሶ ይገባል። ያወጣችሁት ገንዘብም አብሮ ይጠፋል። መንጋጋ ጥርስ ከሆነ ደግሞ ሩት ካናል ካለቀ በኋላ ክዳን ሊያስፈልገው ይችላል። እንዲህ ዓይነት ጥርስ ያለ ክዳን በቆሎ ሲያኝኩበት እንኳ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መነቀል ነው።

መንቀል በዕለቱ ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው ቆይቶ ነው። ጎኑ ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ትይዩው ያለው ወደ ባዶው ቦታ ይወርዳል፣ ምግብ ይሰነቀርበታል፣ በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ ይጀመራል። የጎደለውን መተካት ከመሙላት ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ያም ሆኖ ሊተርፍ የማይችል ጥርስ መነቀል አለበት። ሲነቀል ማደንዘዣው በደንብ መያዙን አረጋግጡ፣ ካመማችሁ እጅ አንሱ። በጣም በቆጣ ቦታ ማደንዘዣ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ሐኪሙ ሊጨምርላችሁ ወይም ሌላ ዘዴ ሊጠቀም ይችላል። ህመሙን ችሎ ዝም ማለት ግዴታ አይደለም።

ከተነቀለ በኋላ ጎዙን ግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቃችሁ ንከሱ። በዚያ ቀን አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ፣ አታጭሱ፣ ጫት አትቃሙ፣ ትኩስ ነገር አትጠጡ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ቁስሉን የሚሸፍነው እሱ ነውና ከቦታው መነሳት የለበትም። በማግስቱ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ይቻላል። ህመሙ መቀነስ ሲገባው በሦስተኛው ቀን ግድም ብሶ ወደ ጆሮ ከወጣ የረጋው ደም ወልቆ ሊሆን ይችላል። ተመለሱ፤ በቀላሉ የሚታከም ነው።

ንጽሕናውንም ተመልከቱ። ብረቶቹ በእንፋሎት ማምከኛ ማሽን ተቀቅለው በታሸገ ከረጢት መምጣት አለባቸው። ከረጢቱ ፊታችሁ ሲከፈት ማየት፣ መርፌው አዲስ መሆኑን መጠየቅ፣ ጓንት መቀየሩን ማስተዋል ነውር አይደለም። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ በደም ይተላለፋል፣ ጥርስ ቤት ደግሞ ደም የሚነካበት ቦታ ነው። ገበያ ወይም ሰፈር ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚነቅሉ ሰዎች ጋ የማትሄዱበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። የግል ክሊኒክ ዋጋ ከከበዳችሁ የመንግሥት ሆስፒታሎችን የጥርስ ክፍል ጠይቁ። እንደ ጅማና ጎንደር ባሉ የጥርስ ሐኪም በሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ያላችሁም የማስተማሪያ ክሊኒካቸውን አትርሱ።

«ጥርሴን ሊያይ ነው እንጂ ልቤን አይደለም» ብላችሁ ስለ ሌላው ጤናችሁ ዝም እንዳትሉ። በአገራችን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚመጣ የልብ በር በሽታ አሁንም ብዙ ወጣት ያጠቃል። ጥርስ ሲነቀል ወይም ድድ ሲታከም ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። በጤነኛ ሰው ላይ ወዲያው ይጠፋል፤ በተጎዳ የልብ በር ላይ ግን ተጣብቆ ከባድ ኢንፌክሽን ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ የልብ ሕመምተኞች፣ በተለይ ሰው ሠራሽ የልብ በር ያላቸው፣ አስቀድመው ፀረ ባክቴሪያ መውሰድ አለባቸው። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱም ተናገሩ፤ ራሳችሁ ግን አታቋርጡት። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ ለአጥንት የሚወሰድ መርፌ፣ ሁሉም ይነገር። ነፍሰ ጡር ሴት ጥርሷን መታከም ትችላለች። መካከለኛዎቹ ወራት የተሻለ ምቹ ናቸው፣ ኢንፌክሽን ካለ ግን በየትኛውም ወር ይታከማል። ቴትራሳይክሊን የመሰለ መድኃኒት የልጁን ጥርስ ስለሚያበላሽ እርጉዝ መሆኗን መናገሯ ወሳኝ ነው።

ስለ ድድ ብዙ አይወራም፤ በእኔ እምነት ከመቦርቦር ያላነሰ ትኩረት ያስፈልገዋል። ጤነኛ ድድ ሲቦረሽ አይደማም። የሚደማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሥሩ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው ደም ሲያይ ያንን ቦታ መቦረሽ ያቆማል፣ ነገሩም ይብሳል። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳቱን መቀጠል ነው የሚሻለው። ያልጸዳ ቆሻሻ ከቆየ ይጠጥራል፤ ከጠጠረ በኋላ ብሩሽ አያወጣውም። ያኔ ጥርስ ማሳጠብ የግድ ይሆናል።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል፣ ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። ጥርሶቹን ከመታጠቡ በፊት አንቀው የያዟቸው የሚመስሉት እነዚያው ጠጠሮች ናቸው። ሲነሱ ክፍተት ይታያል፣ ለጥቂት ቀናትም ቀዝቃዛ ይነዝራል። መነቃነቁን ያመጣው ግን ከታች አጥንቱን ሲበላ የቆየው በሽታ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያምም። የሚያሳብቁት ደም፣ መጥፎ የአፍ ጠረንና የሸሸ ድድ ናቸው። ድዷን የተነቀሰች እናት ካለቻችሁ ደግሞ መቅላቱ በጥቁሩ ሥር ሊሸሸግ ስለሚችል በተለይ መድማቱን ጠይቋት። ስኳር በሽታ ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም በተራው የስኳሩን መጠን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። አንዳንድ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ድድን ሊያሳብጡ ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን ያዘዘላችሁን ሐኪም አማክሩ።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል። ከሁለቱ ዋናው የማታው ነው። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥርስ መከላከያ ያጣል። ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ በብዙ ውኃ አትለቅልቁት፤ ፍሎራይዱ ትንሽ ይቆይ። ሳሙናውን ስትገዙ ሽፋኑ ላይ የፍሎራይዱን መጠን ፈልጉ፤ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሆነው ጥሩ ነው። በጥርሶች መካከል ብሩሽ ስለማይገባ የጥርስ ክር ማታ ማታ ቢጨመር በጣም ይረዳል። ሎሚና ሶዳ ቀላቅሎ ጥርስ ማንጣት በቲክቶክ ሲዞር አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። ሎሚው ራሱ አሲድ ነው።

መፋቂያ ከወደዳችሁ ግሩም ነገር ነው። ከወይራ ወይም ከክትክታ ተቆርጦ ጫፉ በደንብ ከተኘከ የፊቱን ገጽ በደንብ ያጸዳል። የሚቸገረው ከኋላ መንጋጋዎችና በውስጥ በኩል ነው፣ ፍሎራይድም የለውም። ቀን መፋቂያ፣ ማታ ብሩሽና ሳሙና ብታደርጉ ሁለቱንም አገኛችሁ።

ስኳር ላይ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹን እዩ። አንድ ጊዜ ጣፋጭ ስንቀምስ አፋችን ለግማሽ ሰዓት ያህል አሲዳም ይሆናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን በየሲኒው ስኳር ጨምረን ሁለት ሰዓት ከተቀመጥን ጥርሳችን ዕረፍት አላገኘም። ቢሮ ውስጥ አንድ ለስላሳ ከጠዋት እስከ ምሳ ቀስ እያሉ መጎንጨትም እንደዚያው ነው። ጫት ቤት ሲሆን ይከፋል። አፍ ይደርቃል፣ ጣፋጩ ለሰዓታት አይቋረጥም፣ ድዱም በሚቃምበት ጎን ይሸሻል። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ስኳሩን ቀንሱ፣ በመሃል ውኃ ጠጡ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላደጉ አንባቢዎች ደግሞ የተለየ ነገር አለኝ። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በባቱና በሌሎችም አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ዓለቱ ብዙ ፍሎራይድ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ከዚያ በብዙ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ድድ ሥር እየተሠራ ባለበት የልጅነት ዕድሜ ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቡናማነቱ ጥርሱ ሲሠራ ኢናሜሉ በመጎዳቱ የመጣ እንጂ ካለመቦረሽ የመጣ ቆሻሻ አይደለም። በከሰል መፈተግ አያስለቅቀውም፣ ኢናሜሉን ብቻ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት አፋቸውን በእጅ ሸፍነው የሚስቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሐኪም በመሙያ ወይም በስስ ሽፋን ሊያሳምርላቸው ይችላል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋም፤ ውኃው ስለሚተን እንዲያውም ይከማቻል። መፍትሔው ለሕፃናት ከሌላ ምንጭ ውኃ ማግኘት ወይም የተጣራ መጠቀም ነው። ለዓመታት ከተጠጣ አጥንትም ይጎዳልና ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም።

ውጭ አገር የምትኖሩ ብዙዎች ለጥርስ ብላችሁ አገር ቤት ትመጣላችሁ። ይገባኛል፤ አሜሪካ ውስጥ ለአረጋውያን ያለው መደበኛው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ እንኳ አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም። ነገር ግን በሁለት ሳምንት ዕረፍት ሁሉም ነገር አያልቅም። አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። በአንድ ጉዞ አስጨርስላችኋለሁ የሚል ካለ በደንብ ጠይቁት። የራጃችሁንና የተሠራላችሁን ዝርዝር በስልካችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ እዚያ የሚቀጥለው ሐኪም ይፈልገዋል። እስራኤል ያላችሁ ወላጆች ደግሞ የልጆች የጥርስ ሕክምና እስከ 18 ዓመት በጤና መድኑ እንደሚሸፈን አስታውሱና ተጠቀሙበት።

ልጆች ላይ ትልቁ ስህተት ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ይሠራል። ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ሲቦረቦርም «ይወልቃል» ተብሎ ይተዋል። አይወልቅም፤ ቋሚ ነው፣ ምትክ የለውም። ልጃችሁ ስድስት ሲሞላው አፉን ከፍታችሁ ከኋላ ተመልከቱ። እስከ ሰባት ስምንት ዓመትም እናንተው ቦርሹለት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ላለ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃዋል። ጣፋጭ ያለበት ጡጦ እየጠባ እንዲተኛ አታድርጉ። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ደግሞ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱን የሚያወጣ ሰው ጋ እንዳትወስዱት። ተቅማጡ ከጥርሱ አልመጣም። ጥሬ ድድ በብረት መቆፈር ግን ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል።

ልጃችሁ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ቋሚ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ጥርሱን ፈልጉት። ሥሩን ሳትነኩ ነጩን ክፍል ያዙ፣ ከቆሸሸ በወተት አለቅልቁት፣ ልጁ ከቻለ ወዲያው ወደ ቦታው መልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ በደረቅ ሶፍት ተጠቅልሎ ከቆየ ግን ሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሶች ይሞታሉ። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አትመልሱት፤ ከሥር የሚበቅለውን ሊጎዳ ይችላል።